ከጠገራ ብር እስከ ጭላዳ፦ የአማተር ፎቶ አንሺ ችግርና መፍትሄ

ፎቶ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው ካሜራው ነው። «ስልኬ አርጅቷል»፣ «ሌንሴ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ከዚያ አዲስ ስልክ ይገዛና ያው ፎቶ ይወጣል። የተበላሸ ፎቶ ምን እንደነካው ምልክት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ያልተሳካውን ቶሎ አታጥፉት። አጉልታችሁ መሀሉንም ጠርዙንም እዩት። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ አራዊትና ወፍ የሚያነሱ፣ ቅዳሜና እሁድ ለሽርሽር የሚወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ቅሬታዎች ከምክንያታቸው ጋር እነሆ።

«ፎቶው ብዥ ብሏል»

ብዥታ ሁሉ አንድ አይደለም። መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ድንጋዩም ዛፉም እንስሳውም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ከመሰሉ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ስታነሱ ሹተሩ (ብርሃን እንዲገባ ተከፍቶ የሚዘጋው መከለያ) ከ1/300 ሰከንድ ከዘገየ፣ ሌንሱ ማረጋጊያ ከሌለው በቀር፣ በእጃችሁ አትተማመኑ። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሹፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ለምኑት። አዋሽ ፓርክ ሳላ ሲታይ ሁሉም ክርኑን መስኮቱ ላይ ደግፎ ያነሳል፤ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ንዝረቱ ከበሩ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ሌንሱ ይሄዳል። ባቄላ በግማሹ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን ብታስተኙበት፣ መኪና ውስጥ ከትራይፖድ ይሻላል።

አካባቢው ጥርት ብሎ እንስሳው ብቻ ከተጎተተ እጃችሁ ጥፋት የለበትም፤ እንስሳው ፈጥኗል። ለሚራመድ እንስሳ 1/500፣ ለሚበር ወፍ ከ1/1000 እስከ 1/2000 ሰከንድ ያስፈልጋል። ብርሃኑ ካልበቃ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ። አይኤስኦ መጨመር የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ፎቶው ትንሽ ሻካራ ይሆናል፣ እውነት ነው። ሻካራውን በኋላ ማለስለስ ይቻላል፤ የተጎተተ ክንፍ ግን በምንም ፕሮግራም አይመለስም።

ሦስተኛው ዓይነት ሣሩ ጥርት ብሎ ጭላዳው የደበዘዘበት ነው። እዚህ የሳተው ፎከሱ ነው። ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ብዙ ጊዜ ለእሱ የሚቀርበውን፣ ማለትም ከፊት ያለውን ሣር ወይም ቅርንጫፍ ይይዛል። ወደ አንድ ነጠላ የፎከስ ነጥብ ቀይሩና ዓይኑ ላይ አድርጉት። በስልክ ከሆነ እንስሳው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ቅጠል ውስጥ ለተደበቀች ጉሬዛ ሁነኛው መላ ይህ ነው።

ሁሉም ነገር እኩል ልስልስ ብሎ፣ መብራቶች ዙሪያ ጭጋግ ነገር ካለ የሌንሱን መስታወት እዩት። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለው፤ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ለምሳሌ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ውጭ የቆየ ካሜራ ሙቅ ክፍል ሲገባ መስታወቱ ላብ ይይዛል። ከመግባታችሁ በፊት ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አስገቡት፤ እስኪሞቅ አትክፈቱት። ሌንሱ ንጹሕ ሆኖ፣ ቀትር ላይ፣ ሩቅ ያለ እንስሳ ጠርዙ ተንቀልቅሎ ከወጣ ደግሞ ችግሩ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ነው። አብያታና አዋሽ ላይ ይህ የተለመደ ነው። የሚያስተካክለው ሌንስ የለም፤ በጠዋት መሄድ ወይም መቅረብ ነው።

«ጭላዳው ግራጫ፣ ነጠላውም ግራጫ ሆነ»

ይህ ቅሬታ በሁለት አቅጣጫ የሚመጣ አንድ ችግር ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ፍሬሙን ጥቁር እንስሳ ከሞላው «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፤ ጥቁሩ ፀጉር አመድ ይመስላል። ጥምቀት ላይ ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው የቆሸሸ ይመስላል፣ የሰዎቹ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

መፍትሄው ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ሊመስል ይችላል፦ ነጭ ሲበዛ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን፣ ጨምሩ (+1 አካባቢ)፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንሱ (−1 አካባቢ)። በስልክ ፊቱን ነክታችሁ አጠገቡ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት ነው። ጉሬዛ ጥቁርም ነጭም ስለሆነች ታስቸግራለች። እኔ የምጠብቀው ነጩን ነው፤ ቀነስ አድርጌ አነሳለሁ። የጨለመ ጥቁር በኋላ ይበራል፣ ተቃጥሎ የነጣ ፀጉር ግን ውስጡ የሚመለስ ዝርዝር የለም።

ለሰው ፊትና ለነጠላ አንድ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም። ፊቱን አስተካክላችሁ ስትለኩ ጥለቱ ሊነጣ ይችላል። ሰዎቹን ወደ ጥላ ውሰዷቸው። ዛፍ ሥር፣ የአጥር ጥላ፣ የትም ይሁን፤ ፊትና ልብስ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወዲያው ይቀንሳል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ሆና የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ የሁሉም ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። እንጦጦም ሆነ ወንጪ ስትወጡ ፎቶውን ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30፣ ከዚያም ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ፤ በመሀሉ ምሳ ብሉ። ማምሻው ላይ አትዘናጉ፣ በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው የሚመጣው።

«ብሩ ያብረቀርቃል እንጂ አይነበብም»

የድሮ ብር አንስቶ የሚለጥፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌሎች ሰብሳቢዎች እንዲለዩለት ፈልጎ ነው። መለያው ደግሞ ጥቃቅን ነገር ነው። በምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፰፻፹፯ን ከ፲፰፻፹፱ የሚለየው መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ምልክት ናት። ከበስተኋላው ደግሞ አንበሳው ያነሳው የግራ እግሩን ነው ወይስ የቀኙን የሚለው ይጠየቃል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ባለበት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ላይ የትም ይመታ መቼ ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ስለሆነ፣ የሚያውቅ ሰው የሚያየው የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎችና የንስሩን የጅራት ላባዎች ነው። የፍላሹ ነጭ ነጠብጣብ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካረፈ ፎቶው አይጠቅምም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብር መስታወት ነው፤ ፊቱ ያለውን ይመልሳል። ፍላሹን፣ አምፖሉን፣ አንዳንዴም የስልኩን ጥቁር ጥላ ነው የምታዩት። ፍላሹን አጥፉ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ የተቀረጸው ነገር ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይነሳል። በተቃራኒው ጎን ነጭ ወረቀት ብታቆሙ የጨለመው ጎን ይበራል። ከዚያ ሳንቲሙን በቀስታ እያዞራችሁ እዩ፤ ቁጥሩ የሚነበብበት አንድ አቅጣጫ ይገኛል፣ እዚያ ላይ አንሱ። በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ያለውን ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚያብረቀርቅ ከተቻለ አውጡት፤ ስታወጡት ጠርዙን ብቻ ያዙ።

«ጠጋ ስል ይደበዝዛል» ለሚሉ፦ ስልኩ ከአቅሙ በላይ ተጠግቷል። ብዙ ስልኮች በዋናው ሌንሳቸው ከ10 ወይም 15 ሳንቲሜትር በታች ፎከስ አይይዙም። ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ ዙም አንሱ። ክቡ ሳንቲም እንደ እንቁላል ከሞላለለ ስልኩ አዘንብሏል፤ እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት የመጻሕፍት ድርድሮች ላይ አጋድሙትና ሳንቲሙን ከሥሩ አስቀምጡ፣ ሰዓት ቆጣሪውን 2 ወይም 3 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ።

ብሩ ናስ መስሎ ቢጫ ከወጣ የቤቱ አምፖል ነው። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ከተቀላቀሉ ካሜራው የቱን ማስተካከል እንዳለበት ያጣል፤ አምፖሉን አጥፉ። ማታ ብቻ ጊዜ ካላችሁ ሳንቲሙን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ አንሱና በኋላ የፎቶውን ቀለም ስታስተካክሉ ወረቀቱን ነጭ አድርጉ፣ ብሩ ተከትሎ ይስተካከላል። ጥቁር አግድም መስመሮች ከታዩ ደግሞ የኤልኢዲ ወይም የሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ነው። የአገራችን መብራት በ50 ሄርዝ ስለሚሠራ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ያጠፋቸዋል።

ፎቶው እንዲያምር ብላችሁ ግን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። ያ ጠቆር ያለው ገጽ ዕድሜው ነው፤ የተፈተገ ብር ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

ቴምብር ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ነውና በስካነር 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሱት፣ ከኋላው ጥቁር ወረቀት አድርጉ፤ ጥርሱ አንድ በአንድ ይታያል።

«ሰማዩ ላይ ሁሌ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ»

ሌንስ ስትቀይሩም ነጥቡ ቦታውን ካልቀየረ የካሜራው ሴንሰር (ከሌንሱ ኋላ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ንፉበት፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይደርሰዋል። አቧራማ መንገድ ላይ ሌንስ አትቀይሩ።

«ፎቶዎቹ በቅደም ተከተል አልመጡም»

አንድ ጉዞ ላይ የሁለት ሰው ፎቶ ሲቀላቀል የጠዋቱ ወፍ ከማታው እሳት ዳር በኋላ ይመጣል። ይህ የእኛ የራሳችን ችግር ነው። ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይወስዳል፤ ካሜራን ግን ባለቤቱ በእጁ ይሞላዋል፣ ብዙዎችም የሚሞሉት በሐበሻ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ካሜራው 2:00 ብሎ ይጽፋል፤ ስልኩ ደግሞ 8:00። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ካሜራው የሚያነበው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ 9:00 ከሞላችሁት፣ አሁንም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ፎቶዎቹን ሁሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ጋለሪው ታች ቀብሯቸዋል።

ካሜራውን በስልካችሁ ሰዓትና ቀን አስተካክሉ፤ ስልኩን ለአፍታ ወደ 24 ሰዓት ብትቀይሩት መሳሳት አይኖርም። ለተነሱት ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹ ላይትሩም ወይም በነፃ የሚገኘው ዲጂካም የተመረጡ ፎቶዎችን ሰዓት አንድ ላይ ወደ ፊት መግፋት ይችላሉ። ስንት እንደሚገፋ ለማወቅ ጉዞው ሲጀመር በየካሜራው የአንድ ስልክ ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ ልዩነቱ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

«ስልኬ ላይ ጥርት ያለው ቴሌግራም ላይ ይበላሻል»

ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል በተለምዶ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። ስልካችሁ ያነሳው 4000 ፒክስል ስፋት ቢኖረውና ሳንቲሙ የዚያን ሩብ ብቻ ቢይዝ፣ 1000 የነበረው ሳንቲም ወደ 320 ይወርዳል። ሳንቲሙ ላይ ያለው የዓመት ቁጥር የጠፋው እዚህ ነው። ከመላካችሁ በፊት ዙሪያውን ቁረጡ፤ ሳንቲሙ ፍሬሙን ከሞላ ማሳነሱ ብዙም አይጎዳውም። ለሩቅ ወፍም እንዲሁ። ሰው ልኮላችሁ ያወረዳችሁትን እንደገና አንስታችሁ አትላኩ፣ ስክሪንሾትም አትላኩ፤ በየዙሩ ይደበዝዛል።

ሙሉ ጥራት ከተፈለገ «ፋይል» አድርጎ መላክ ነው። ፋይል ሲላክ ግን ፎቶው የተነሳበት ሰዓትና፣ የካሜራው ሎኬሽን ክፍት ከነበረ፣ ቦታው በትክክል አብሮ ይሄዳል። ጠገራ ብር የተደረደረበት ጠረጴዛ ፎቶ የቤታችሁን አድራሻ ለሺህ ሰው ያድላል። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ካነሳችሁም ቦታውን ለማንም እየጠቆማችሁ ነው፤ ከ500 በታች እንደቀረ የሚገመት እንስሳ ግልገሎቹ ጉድጓድ ላይ ሰው ሲመላለስበት አይወድም። ሰብስባችሁ የምታስቀምጡትን ነገርና የእንስሳ መኖሪያ ስታነሱ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽኑን አጥፉ። ቀድሞ የተነሳውን በአይፎን ሼር ስታደርጉ ከላይ ካለው አማራጭ ሎኬሽኑን ማንሳት ይቻላል፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ጥራቱ እምብዛም ካላስጨነቃችሁ በፎቶ መልክ ላኩት፣ ቴሌግራም ሲያሳንሰው የቦታውን መረጃም አብሮ ያወጣዋል።