ቅዳሜን ለሁለት ክፈሏት
ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ላላችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቅዳሜን ተኝታችሁ አታሳልፏት። ልብሳችሁን አርብ ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጥባችሁ አስጡት፣ የባህር ዳርን ፀሐይ ታውቋታላችሁ ጂንሱ ሳይቀር እስከ ከሰዓት ክው ይላል። ከዛ በቀጥታ ቅዳሜ ገበያ፣ ግን ረፈድ ሳይል፣ በኋላ ግፊያውም ሙቀቱም አይቻልም፣ ሎሚ አቮካዶ ምናምን ከገጠር ይዘው ከሚመጡት እናቶች ግዙ፣ ዋጋ ስትከራከሩም በልክ አድርጉት ባካችሁ። ባጃጅ ኮንትራት አትያዙ፣ በሰው የሚጭነው ይበቃችኋል።

ከሰዓት ጣና ዳር ነው። ፎቶ ወይ ስዕል የምትሞክሩ ከሆነ 10 ሰዓት አካባቢ ውጡ፣ ምክንያቱም 7 እና 8 ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሆነ ፊት ሁሉ ጥላ ይሆናል፣ ወፎቹም ቢሆኑ (ፔሊካን ካያችሁ እድለኛ ናችሁ) 10 ሰዓት ላይ ነው የሚያምሩት። ጀልባ ካማራችሁ ግን ለእሁድ ጠዋት አቆዩት፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያንገላታችኋል። ደግሞ ዓባይ ከሀይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ውሃው ጫፍ ላይ እንዳትቀመጡ፣ በተለይ ሲመሻሽ፣ ቀልድ አይደለም።