ጎንደር ላይ ክላሲክ ሞተር እንዴት ይገዛል፣ ከተገዛስ በኋላ እንዴት ይያዛል

ክብ ፋናሌ (የፊት መብራት)፣ የሚያብለጨልጭ ኒኬል ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ የሽቦ ቸርኬ፣ ሞላ ያለ ታንከር፣ ይሄ አይነት ሞተር አንዴ ልብ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ጎንደርን ይዞ በቆየበት ጊዜ የሰራቸው ህንጻዎች ፊት ለፊት እንደዚ አይነት ሞተር ቆሞ ያየ ሰው የምለው ነገር ይገባዋል፣ አብረው የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ግን ስንት ሰው አየሁ ለዓመታት ሲመኝ ቆይቶ ገዝቶት በሶስተኛው ወር ጊቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ ያቆመው፣ ምክንያቱም መልኩን ብቻ ነው ያየው። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ክላሲክ ሞተር የሚመረጠው እዚሁ ከተማ ውስጥ ዕቃው ተገኝቶ፣ እሱን የሚያውቅ መካኒክ ኖሮ፣ ሁሌ የሚነዳ ሲሆን ነው። የቆመ ሞተር ያሳዝናል። ስለዚ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. የትኛውን እንደምትፈልጉ ለዩ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲስ ተሰርቶ የድሮ መልክ ያለው ነው፣ እዚ ላይ ሁሉም የሚያልመው ሮያል ኢንፊልድ ነው። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1901 ነው የሰራው፣ ቡሌት የሚባለው ሞዴል በ1932 ወጣ፣ ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ህንድ ማድራስ ላይ መገጣጠም ተጀመረ፣ እንግሊዝ ያለው ፋብሪካ ሲዘጋ የህንዱ ቀጠለ፣ ዛሬ የምናያቸው ሁሉ ከዛ የሚመጡ ናቸው። ክላሲክ 350 የሚባለው የአሁኑ ሞዴል ሞተሩ 349 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ 20 ፈረስ አካባቢ፣ ታንከሩ 13 ሊትር ይይዛል፣ ክብደቱ ግን 195 ኪሎ ነው። ይቺን 195 ቁጥር በደንብ ያዟት። ጎንደር ሜዳ አይደለችም፣ ኮብልስቶን አቀበት ላይ ሞተር ጠፍቶባችሁ ወደኋላ ሲንሸራተት በአንድ እግር የምትይዙት ይሄን ነው።

ሁለተኛው መንገድ እውነተኛው አሮጌ ነው። ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 የግብርናና የጤና ሰራተኛ ገጠር ለገጠር የዞረባቸው ናቸው፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ስትሮክ ስለሆኑ ዘይት ከቤንዚን ጋ አብሮ ይቃጠላል፣ ሰማያዊ ጭስና የሚጮህ ድምጽ አላቸው፣ ለሚወዳቸው ሰው ሙዚቃ ነው። ሌላው ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፣ እ.ኤ.አ በ1976 የወጣ፣ ከመጀመሪያውም መንገዱ አስቸጋሪ፣ ጥገናው አልፎ አልፎ ለሆነ ሀገር ታስቦ የተሰራ ሞተር ነው። ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ እንጂ ሰንሰለት አይደለም፣ የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። ቻይናዎች ይሄንኑ ሞተር ስለገለበጡት ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ ፒስተኑ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ሁሉ በቀላሉ ይገኛል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያ ሞተራችሁ ከሆነ ሲጂ ወይ የሲጂ አይነት ፈልጋችሁ አሳምሩት፣ ኢንፊልዱን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት። የኢንፊልድ ዕቃ ቦክሰር እንደሚባለው ሞተር ዕቃ አራዳ ሱቅ ላይ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም፣ አንድ የፍሪሲዮን ገመድ ሳምንታት ሊያስጠብቅ ይችላል። ልባችሁ እምቢ ካለ ግን ግዙት፣ ብቻ ስትገዙ ገመዶቹን፣ የዘይት ፊልትሮውን፣ የፍሬን ሸራውን አብራችሁ አስመጡ።

2. ብሩን ከፋፍላችሁ ያዙ

ያላችሁን ሁሉ ለሻጭ አትስጡ። አሮጌ ሞተር ከገዛችሁ ከጠቅላላ ብራችሁ ቢያንስ ሩቡ ለመጀመሪያው ጥገና ይቀመጥ፣ ጎማ፣ ካቴና (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት)፣ ባትሪ፣ ኩሽኔታ ይፈልጋል። ኤልሜት ደግሞ ከዚ ሂሳብ ውጪ ነው፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

3. ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን እዩ

ሰው ሞተር ሲያይ ልቡ ይጠፋና ወረቀት ይረሳል። መጀመሪያ ሊብሬው ይውጣ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋ አንድ በአንድ ይመሳከር፣ የሻንሲው ብዙ ጊዜ መሪው ስር አንገቱ ላይ ነው፣ ጭቃና ቀለም ካለበት በቤንዚን እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በሞረድ የተፋቀ ወይ እንደገና የተመታ ከመሰለ በቃ አመስግናችሁ ሂዱ፣ ዋጋው ቢቀንስም አትደራደሩ።

ከመስሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ከሆነ የጨረታው ሰነድና ክፍያ የተፈጸመበት ደረሰኝ ይኑር፣ ታርጋውም ከመንግስት ወደ ግል መዞር አለበት። የእርዳታ ድርጅት የነበረ ከሆነ ደግሞ ቀረጥ ነጻ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርም፣ ያ ዕዳ የሚመጣው ደግሞ እናንተ ላይ ነው።

ሌላው በውክልና የሚሸጥ ነው። ሻጭ "ባለቤቱ ሌላ ሀገር ነው ውክልና አለኝ" ካለ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል ወይ፣ አልተሻረም ወይ ብላችሁ ከሰጠው ቢሮ አጣሩ። ውክልና ደግሞ ወካዩ ከሞተ ያበቃለታል፣ ስለዚ "ስሙን ቀስ ብለህ ታዞራለህ" የሚባለውን ነገር እሺ አትበሉ፣ ስም ሳይዞር ዓመት የነዱ ሰዎች በኋላ ወራሽ ጋ ሲከራከሩ ነው የምናየው።

አዲስ አበባ ሄዶ መግዛት ለሚያስብ፣ እዛ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል፣ ስለዚ ገዝታችሁ ከተማ ውስጥ እየነዳችሁ ልትወጡ አትችሉም፣ አይሱዙ ላይ አስጭኑት። ለነገሩ ያልተፈተሸ አሮጌ ሞተር ይዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትም ልክ አይደለም። ጎንደርም ቢሆን የጸጥታው ሁኔታ ሲለዋወጥ ለሞተር የሰዓትና የመንቀሳቀስ ገደብ ይወጣል፣ ከመግዛታችሁ በፊት በዛ ሰሞን ያለውን መመሪያ ትራንስፖርት ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

4. ሞተሩን ቀዝቅዞ ነው የምታዩት

ይሄ ትልቁ ቦታ ነው፣ አትቸኩሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ሻጩ "ቀድሜ ላሙቅልህ" ካለ እምቢ በሉ፣ ስትደርሱ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) በእጃችሁ ንኩት፣ የሞቀ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። አሮጌ ሞተር ከሞቀ በኋላማ ሁሉም ጤነኛ ነው፣ ችግሩ የሚታየው ጠዋት ሲነሳ ነው።

ሳይነሳ በፊት የሚረገጠውን ማስነሻ በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። የሆነ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ሊያስቆማችሁ ይገባል፣ ያ የታመቀው አየር ነው፣ ያለምንም ትግል ሸርተት ብሎ ከወረደ ፋሻው ወይ ቫልቩ አልቋል። ከዛ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ይፈታ፣ ጫፉ ቡኒ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ይሄ ቀላል ነው ይስተካከላል፣ በዘይት የራሰ ከሆነ ግን፣ ባለ ሁለት ስትሮክ ካልሆነ በቀር፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው፣ ዋጋው ላይ ትልቅ ቅናሽ ካልተደረገ ተዉት።

የሽቦ ቸርኬው ደግሞ የክላሲክ ውበቱም በሽታውም ነው። ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ይቁም፣ ጎማው በእጅ እየዞረ በካቻቪቴ እጀታ እያንዳንዱን ሽቦ ጠንቀቅ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምጽ ያወጣል፣ የላላው ደግሞ ዱብ ይላል፣ ሰነፍ ድምጽ ነው ወዲያው ታውቁታላችሁ። አንድ ሁለት መላላት ችግር የለውም፣ ተጠግተው ብዙ ከላሉ ግን ያ ቸርኬ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል፣ ወደ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይዞራል ወይ እዩ። ከኮብልስቶን ጋ ስለምንኖር ይቺን ፍተሻ ማንም እንዳይዘላት።

ከዛ የቀሩትን ባጭሩ፣ ታንከሩን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ ዝገት አለ ወይ፣ የፊት ሾክ ላይ ዘይት ያለቀሰ ነገር አለ ወይ፣ መሪውን ግራ ቀኝ ስታዞሩት ቀጥ ሲል ያዝ የሚያደርገው ነገር ካለ የአንገቱ ኩሽኔታ ሄዷል፣ የኋላ ጎማውን ግራ ቀኝ ነቅንቁ፣ ሻንሲው ላይ ብየዳ ፈልጉ።

ከተነሳ በኋላ ጋዝ ሳትነኩ ሚኒሞ ላይ ይቁም። ነጭ ጭስ ጠዋት ትንሽ ቢታይ ጤዛ ነው፣ ሰማያዊ ጭስ ባለ አራት ስትሮክ ላይ ከታየ የተቃጠለ ዘይት ነው። ከዛ ንዱት፣ ሜዳ ላይ አይደለም፣ አቀበት ፈልጉ፣ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣው መንገድ ለዚ የተሰራ ነው የሚመስለው። በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ፈትኑ፣ ማርሽ እየዘለለ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መከፈት አለበት ማለት ነው፣ ያ ብዙ ብር ነው። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻጩ ጓደኛ ያልሆነ።

5. ውሉና ስሙ

ዋጋ ከተስማማችሁ ቀብድ ሰጥታችሁ በምስክር ፊት ጻፉ፣ ሙሉውን ክፍያ ግን ውልና ማስረጃ ቢሮ ስትፈራረሙ፣ በባንክ ይሁን። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም ትፈርም፣ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። የቀረ የትራፊክ ቅጣትና የቦሎ ዕዳ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ። ከዛ ስም ዝውውር፣ ቦሎ፣ የሶስተኛ ወገን መድን፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ። የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ብላችሁ እንዳትወጡ፣ የሞተሩ ለብቻው ነው።

6. ገዝታችሁ ስትገቡ

ሻጩ "ትናንት ቀይሬያለሁ" ቢልም ዘይቱን ቀይሩ። ሲጂ አይነት ሞተር አንድ ሊትር አካባቢ ነው የሚወስደው፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፣ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ይፈለጋል፣ ምክንያቱም ፍሪሲዮኑ እዛው ዘይት ውስጥ ስለሚሰራ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። አሮጌውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱትና ፀሐይ ላይ እዩት፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ቁርጥራጭ ካለ ሳትነዱ መካኒክ ጋ ውሰዱት። ከዛ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነው፣ ለአሮጌ ሞተር ከዘይት የበለጠ መድኃኒት የለም። ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ሁለት ሶስት ሳንቲ ሜትር ይላላ፣ ከዛ በላይ ካጠበቃችሁት የኋላውን ኩሽኔታ ይበላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር እዚ ከቆላ ሲነጻጸር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ቤንዚኑ ግን እኩል ስለሚገባ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚ "ሞተሬ ሰነፈ" ብላችሁ ፒስተን ከማስቀየራችሁ በፊት ካርቡሬተሩን ለዚ ከፍታ አስተካክሉት፣ ቤንዚን የሚገባባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ (ጄት) አንድ ቁጥር በምታንስ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። መተማ ልትወርዱ ከሆነ ግን የድሮውን መልሱ፣ ሙቀትና ቤንዚን ማነስ አንድ ላይ ፒስተን ያቃጥላል። ኢንጀክሽን ያለው (በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው) ኢንፊልድ ይሄን በራሱ ያስተካክላል፣ እውነት ለመናገር እሱን የምወድለት አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከተቻለ አትግዙ፣ ውሃና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት አለ። ግድ ከሆነባችሁ ጠርሙሱን አቁማችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ውሃ ካለ ከስር ይለያል፣ የታችኛውን አታፍስሱት።

ክረምት ላይ ኮብልስቶን እንደ ሳሙና ነው፣ የፊት ፍሬን ብቻ አትያዙ፣ በሞተር ማርሽ ቀንሱ። ዝናብ የመታውን ኒኬል ማታውኑ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሽቦዎቹ ከቸርኬው ጋ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ዘይት ቀቡ፣ ዝገት የሚጀምረው ከዛ ነው። ማታ ጊቢ ውስጥም ቢሆን በሰንሰለት ከማይነቀል ብረት ጋ እሰሩት።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ኮሶዬ ይሁን፣ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ አስፋልት ነው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁና በጠዋት ውጡ። ትርፍ ካንዴላ፣ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የካንዴላ መፍቻና ፒንሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ስትደርሱ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቡሎኖቹን በእጃችሁ ዙሩባቸው፣ አዲስ የተጠገነ አሮጌ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ሁሌ የሆነ ዳዶ ያላላል፣ ከመመለሳችሁ በፊት አጥብቁት።