ቡድናችሁ መምታት ሲያቅተው እንዴት ይታደራል?

በቤዝቦል የለከፈኝ ኒውዮርክ ያለው ወንድሜ ነው። በበጋቸው እዚያ ማታ 1 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ ለእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፌ፣ የኔዎቹ አየር ሲቀዝፉ አያለሁ።

መጀመሪያ ስልኩን ከእጃችሁ አርቁት። እኔ አንዴ ወርውሬው እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ስክሪን አስቀይሬያለሁ።

ቀጥሎ ሒሳቡን እወቁ። ከ10 ሙከራ 3ቱ የሚሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። ኳሷ ከ18 ሜትር ገደማ ተወርውራ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ትደርሳለች። ስለዚህ ለአንድ ስህተት አትሳደቡ።

ምት ብቻም አትቁጠሩ። መቺው 4 መጥፎ ኳሶችን (ከመምቻው ክልል ውጪ የተወረወሩትን) ለመምታት ሳይሞክር ካሳለፈ በነፃ አንደኛው ቤዝ ይደርሳል፤ ቤዝ ማለት ነጥብ ለማግኘት የሚዞሩበት ማረፊያ ነው። እንዲህ የሚታገስ ካለ ተስፋ አለ። የመጣውን ሁሉ የሚያሳድዱ ከሆነ ግን በቃ፣ ተኙ። እኔ አልተኛሁም። ትናንት ሦስቱንም ቤዝ ሞልተው፣ ተከታዮቹ ሦስት መቺዎች በየተራ ሳይነኩ ተመለሱ። አቦ! ጎረቤት ሌባ መጣ ብሎ መብራት አበራ።

ቡና አትጠጡ፣ ንዴት ላይ ንዴት ነው። በዓመት 162 ጨዋታ ስላለ ዛሬ ሌሊትም አለ። ፍራሹን እናቴ ገና አላነሳችውም።