ካሊፎርኒያ ውስጥ ከግል ሙያ ትምህርት ቤት ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የወገኖቼን ደብዳቤና ቅጽ አብሬ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አንጀቴን የሚበላው የሙያ ትምህርት ቤት ውል ነው። የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ የፋርማሲ ቴክኒሻን ወይም የከባድ መኪና ሾፌር ለመሆን በሌሊት ፈረቃ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ወረቀቱን ይዘው የሚመጡት ግን ከፈረሙ በኋላ ነው። እባካችሁ ቀድማችሁ ኑ። ሕጉ ገና ላልፈረመ ተማሪ ብዙ መብት ሰጥቶታል።

በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ አጣሩ። በ2009 በወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት የግል ኮሌጆችንና የሙያ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው ቢፒፒኢ የሚባለው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ድረ ገጹ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ፈልጉ፤ አድራሻውንና የምትማሩትን ፕሮግራም ጭምር አመሳክሩ። ቅጣት ወይም እርምጃ ተወስዶበት እንደሆነም እዚያው ታገኛላችሁ። ከሕጉ ነጻ የተደረጉ ተቋማት ስላሉ፣ «እኛን አይመለከተንም» ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ፈቃድ አለው ማለት አክሬዲቴሽን፣ ማለትም የትምህርቱን ጥራት የሚመዝን ዕውቅና ያለው አካል የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ አለው ማለት አይደለም። አክሬዲቴሽን በሌለው ትምህርት ቤት የፌዴራል እርዳታም ሆነ ብድር አይገኝም። የነርስ ረዳት ሥልጠና ከሆነ የካሊፎርኒያ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ያጸደቀው መሆን አለበት። ከባድ መኪና ከሆነ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ አሠልጣኙ በፌዴራል መዝገብ ካልሰፈረ አዲስ አመልካች ለመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና አይቀርብም።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት እንምጣ። ትምህርት ቤቱ ከውሉ በፊት የውጤት መግለጫ ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት፦ ስንት ጀመሩ፣ ስንት ጨረሱ፣ ስንቱ በሙያው ተቀጠሩ፣ ደመወዛቸው ስንት ነው የሚል ሰንጠረዥ ነው። በየክፍሉ የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደላት እንድትጽፉ የሚደረገው አንብባችሁታል ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ታብሌቱን እየገፉ «እዚህ፣ እዚህም» እያሉ በጥድፊያ ያስፈርማሉ። እምቢ በሉ፤ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት።

ስታነቡት መቶኛውን ብቻ አትዩ። ሥራ ያገኙት የሚሰሉት ተመርቀው ለሥራ ዝግጁ ከሆኑት እንጂ ትምህርቱን ከጀመሩት አይደለም። 50 ሰዎች ጀምረው 20 ቢመረቁና 16ቱ ቢቀጠሩ፣ ሰንጠረዡ 80 በመቶ ይላል፤ ከጀመሩት 50 ውስጥ ግን 34ቱ በሙያው አልተቀጠሩም። ቀጥሎ በሳምንት ከ20 እስከ 29 ሰዓት የሚሠሩት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚሠሩት ተለይተው ተቀምጠዋል። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ መብት አለ። ትምህርት ቤቱ በአማርኛ አነጋግሮና አግባብቶ ካስመዘገባችሁ፣ ውሉና መግለጫዎቹም በአማርኛ መቅረብ አለባቸው፤ ሕጉ በግልጽ ይህን ያዛል። የሚያግባባን የራሳችን ልጅ ሲሆን እናምነዋለን፣ የሚፈረመው ግን እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ተመዝግባችሁም ቢሆን ውሉ ካልገባችሁ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ መሰረዝና ስለ ገንዘብ መመለስ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ግልጽ ማብራሪያ የማግኘት መብት አላችሁ። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ እስከ መጀመሪያው የትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ወይም ከተመዘገባችሁ እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪያልፍ ድረስ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ከ250 ዶላር የማይበልጥ የምዝገባ ክፍያ ሊያስቀሩባችሁ ይችላሉ፤ ሌላውን ይመልሳሉ። ስረዛው በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ነግሬያለሁ ማለት አያዋጣም። በአደራ ደብዳቤ ልካችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ካቋረጣችሁ፣ ከትምህርቱ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የተማራችሁ እንደሆነ ላልተማራችሁት ክፍል የከፈላችሁት ተሰልቶ ይመለሳል። ገንዘቡ በ45 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ለቢፒፒኢ አቤቱታ አቅርቡ።

ትምህርት ቤቱ ድንገት ቢዘጋስ? ኮሪንቲያን ኮሌጅስ የሚባለው ትልቅ የግል ኮሌጆች ድርጅት በኤፕሪል 2015 የቀሩትን ግቢዎቹን ሲዘጋ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የፌዴራሉ መንግሥት የ560,000 ያህል ተበዳሪዎቹን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ብድር ለመሰረዝ የወሰነው በ2022 ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕዳው በሰዎች ትከሻ ላይ ነበር ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ግን የራሷ የተማሪዎች ክፍያ ማስመለሻ ፈንድ አላት። ለክፍያው ብቁ ካደረጋችሁ ክስተት፣ ለምሳሌ ከትምህርት ቤቱ መዘጋት፣ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የግብር ከፋይ ቁጥር ከሌላችሁ አይከፈላችሁም። ለማመልከቻው ውላችሁ፣ የክፍያ ደረሰኞቻችሁና የትምህርት ማስረጃችሁ ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ እያለ ቅጂያቸውን ከእጃችሁ አስገቡ።