የኩሬው ቆሮሶ ሲያለከልክና ሲፋተግ

ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጠዋት ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ካደረገ፣ ገና ትል አትጠርጥሩ። ሌሊት በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከተረጋጋ ችግሩ የአየር ነው፤ መኖ ቀንሱ፣ ንጹህ ውሃ ጨምሩ።

ቀኑን ሙሉ ካለከለከ፣ በዚያ ላይ ሰውነቱን ከኩሬው ጠርዝ ጋር ከፈተገ፣ አንዱን አውጡና ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን ክፍል) ግለጡ። ጤነኛ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ገርጥቶ ልጋግ ከሸፈነው የስንጥብ ትል ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ስላለ፣ ዓሣውን ከነሕይወቱ በባልዲ ይዛችሁ ጠይቁ።

ይህ ጠፍጣፋ ትል በመንጠቆ ተጣብቆ ይኖራል፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ ይተላለፋል። ስለዚህ ዋናው ጥፋት መጨናነቅ ነው። መጀመሪያ ዓሣውን አሳሱ። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም ጨው በጥብጡና ለ10 ደቂቃ ያህል ንከሩት። አስቀድማችሁ በጥቂት ዓሣ ሞክሩ፤ ከጎኑ አትራቁ፤ ከተገለበጠ ወዲያው ንጹህ ውሃ ውስጥ መልሱት። ጨው የትሉን እንቁላል ስለማይገድል ከሳምንት በኋላ ይደገማል።

ኢንተርኔት ላይ «ጨው በሌለው ውሃ ንከሩት» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እሱ ለባሕር ዓሣ ነው። ኒዮቤኔዴኒያ የሚባለው የባሕር ትል ጨው አልባ ውሃ ሲያገኘው ይሞታል። የጣና ዓሣ ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ነው፣ ምን ይፈይድለታል?

ስንጥቡ ሥር ወይም ጉሮሮው አካባቢ ቢጫ እብጠት ካያችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ክሊኖስቶመም የሚባል ትል ነው። ከሳቢሳና መሰል ወፎች ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ ይሄዳል። ጨው አይደርስበትም። የቢልሃርዚያ ክኒን ኩሬ ውስጥ መበተን ደግሞ ያለ እንስሳት ሐኪም አይሞከርም፤ ሰው የሚበላው ዓሣ ነው። የሚያዋጣው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው፦ ዓሣው ሲሰበሰብ ኩሬውን አድርቁ፣ ዳር ዳሩን ሣር እጨዱ፣ ለጥላ ብላችሁ ከሐይቁ እንቦጭ አታምጡ። ወፎቹን ለመከላከል ኩሬው ላይ የሚዘረጋ መረብ መግዣው ካነሰ ለዓሣ ጫጩቶቹ ኩሬ ቅድሚያ ስጡ።

ሆዱ ተነፍቶ ሲከፈት ረጅም ነጭ ጥብጣብ መሳይ ትል ከወጣ ሊጉላ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ጣና ላይ በትናንሽ ዓሦች ይታወቃል። መድኃኒት አትፈልጉለት፤ የሐይቅ ውሃ የምትስቡ ከሆነ ትንንሽ ዓሣ እንዳይገባ መግቢያውን በጠባብ ወንፊት ዝጉ።

ቢጫ እብጠት ያለበት ዓሣ ይበላል? በደንብ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። ጥሬውን ግን አይሞከርም፤ የሰው ጉሮሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ገዢ እንደሆነ በስሎም አይወስደው።