ኒውሮ እንዴት ይጠና? ለአዲስ ሬዚደንቶች

ኒውሮሎጂ ሚከብደን ከኋላ ስለምንጀምረው ነው ባይ ነኝ። በሽተኛው ገና ከመግባቱ "ኤምአርአይ አለው?" ነው ጥያቄያችን፣ ከዛ ሪፖርቱን አይተን ፊዚካሉን (የአካል ምርመራውን) እሱ እንዳለው አርገን እንጽፈዋለን 😀 እንደዛ እየሰሩ ኒውሮ አይለመድም።

ስለዚህ ምስሉን ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፣ ችግሩ የት ነው? ምንድነው? የቱ ጋ እንደሆነ ፊዚካሉ ይነግራችኋል፣ ምን እንደሆነ ደሞ በብዛት አጀማመሩ፤ በደቂቃ ከመጣ ቫስኩላር (የደም ስር)፣ በቀናት ከሆነ ኢንፌክሽን ወይ ኢንፍላሜሽን፣ በወራት ከሆነ ዕጢ ምናምን አስቡ (ሁሌ አይሰራም፣ ለመነሻ ግን ይበቃል)።

ለምሳሌ ሁለት እግሩ የደከመ ወጣት ገበሬ መጣ እንበል። እግሩ ግትር ብሏል፣ ሪፍሌክሱ ጨምሯል፣ ባቢንስኪው ወደላይ ነው (የውስጥ እግሩ ሲፋቅ አውራ ጣቱ ወደላይ ይሄዳል)። አሁን መርፌ ይዛችሁ ከእግር ወደ ደረት እየወጋችሁ ውጡ፣ ስሜቱ እምብርት ጋ ከተቀየረ ቲ10 (አስረኛው የደረት ነርቭ) ነው፣ ጡት ጫፍ ጋ ከሆነ ቲ4። ሌቭል (ስሜቱ ሚቀየርበት መስመር) ካለው ጀርባውን ገልጣችሁ እዩ፣ እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ነው። እና እባካችሁ ለግትር እግር የወገብ ኤምአርአይ አትዘዙ! ግትር እግር ከኮርዱ (ህብለ ሰረሰር) ወይ ከዛ በላይ ነው ሚመጣው፣ ኮርዱ ደሞ ኤል1 ኤል2 (የወገብ አከርካሪ መጀመሪያ) አካባቢ ያልቃል፣ ሰውየው በሬውን ሸጦ የከፈለበት ምስል ምንም አያሳይም። ሌቭል ከሌለው፣ ስሜቱ ደህና ከሆነና ሽንቱንም ከተቆጣጠረ ደሞ ጓያ ይበላ እንደነበር ጠይቁት፣ በተለይ እህል በጠፋበት ዘመን። ኤችአይቪና ቢ12 እንዳይረሳ።

ማታ ቤት ስትገቡ የሱን ኬዝ ብቻ አንብቡ። የኮርዱን ክሮስ ሴክሽን ሳታዩ ሳሉት፣ ኮርቲኮስፓይናል፣ ዶርሳል ኮለም፣ ስፓይኖታላሚክ የሚባሉትን የነርቭ መንገዶች፣ የቱ የት እንደሚሻገር ጭምር። ብሬንስቴም (የአንጎል ግንድ) ላይ ችግሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ሚረዳውን "ሩል ኦፍ ፎር" ሚባለውን ዘዴ ፈልጋችሁ ያዙ፣ ብዙ ያቀላል።

ዲዩቲ ላይ ግን ለማንበብ ጊዜ ማይሰጡ ነገሮች አሉ፣ እነሱን በቃል ነው መያዝ። ኮንቨልዥን 5 ደቂቃ ካለፈ ስታተስ (በራሱ ማያቆም ኮንቨልዥን) ነው ብላችሁ ማከም ጀምሩ፣ ፌኒቶይን 20 ሚግ በኪሎ በኖርማል ሳላይን ነው፣ በዴክስትሮስ ከሰጣችሁት ይረጋል። ጊላን ባሬ (ነርቭ ተጎድቶ ትንፋሽ ድረስ ሊያደክም ሚችል በሽታ) ይዞት የገባ ሰው ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ መለኪያ) ከሌለ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር አስቆጥሩት፣ 20 ሳይደርስ ካቆመ ለአይሲዩ ቶሎ አሳውቁ፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን) ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ እሱ ሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው።

ማንበቢያ በተመለከተ፣ ቴሌግራም ላይ ስንት ጊጋ ፒዲኤፍ አውርዶ ያልከፈተው ሁሉ ይታወቃል እንግዲህ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለማጣቀሻ፣ አንድ ቀጭን ለማንበብ፣ በቃ። ጆርናል ከፈለጋችሁ ተቋማችሁ የሂናሪ (ለታዳጊ አገሮች ጆርናል ሚያስነብብ ፕሮግራም) አካውንት ካለው ላይብረሪውን ፓስወርድ ጠይቁ። የኤንአይኤችኤስኤስ (የስትሮክ ክብደት መለኪያ) ስልጠናም ኦንላይን በነጻ አለ፣ ቪዲዮ ላይ ያሉ በሽተኞችን እያያችሁ ነጥብ ትሰጣላችሁ። ኢኢጂን (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ለጊዜው ተዉት፣ ለሁለተኛው አመት ይደርሳል።