ሰአመ ማን ነው? በኤክሴል ስም ስናሳጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ውስጥ የአባላት መዝገብ በኤክሴል የያዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊ፣ ይማምና እንድሪስ አንዴ የራስ፣ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም እየሆኑ ይመላለሳሉ። ሐይቅ አካባቢ የአንድ ማኅበር መዝገብ ስይዝ ደረሰኝ ላይ ሙሉ ስም አልበቃ ብሎኝ አጭር ኮድ መስጠት ጀመርኩ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከየስሙ ፊት አንዳንድ ፊደል መልቀም ነው። ሰይድ አሊ መሐመድ «ሰአመ» ይሆናል፤ ሰለሞን አበበ መኮንንም «ሰአመ» ነው። የወረዳ ስምም ያው ነው፤ የፊቱን ሁለት ፊደል ከወሰዳችሁ ለጋምቦና ለጋሂዳ ሁለቱም «ለጋ»፣ ወረኢሉና ወረባቦ ሁለቱም «ወረ» ይሆናሉ። ስሞቹ የሚለያዩት ጫፋቸው ላይ ስለሆነ በሌፍት ፎርሙላ ከፊት አንድ፣ በራይት ከኋላ ሁለት ፊደል ወስዳችሁ አጋጥሙ፦ ለምቦ፣ ለሂዳ፣ ወኢሉ፣ ወባቦ። የኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ስለሚይዝ ሦስቱ ብቻ ብዙ ይናገራሉ።

ሞክሼ ፊደላትን መርሳት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ፣ ሌላው መሀመድ ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ግን ሐ እና ሀ የተለያዩ ናቸው፣ ስለዚህ አንድ አባል ሁለት ኮድ ይዞ ቁጭ ይላል። ከስሙ ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ክፈቱና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ አንድም ሳይቀር። ኮዱን ከዚያ ዓምድ አውጡ። የሰውየውን ስም ራሱን አትንኩ፤ አጻጻፉ የሱ ነው። በቃላት መሀል የተደረበ ባዶ ቦታም ያው ጣጣ አለው፤ ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ያጠራዋል።

ሦስተኛው እኔን ያዋረደኝ ነው። ለተደጋገሙት፣ ኮዱ ስንት ጊዜ እንደመጣ በሚቆጥረው በካውንትኢፍ ፎርሙላ ተራ ቁጥር ሰጠሁ፦ ሰአመ1፣ ሰአመ2። ቆንጆ ሠራ። አንድ ቀን ዝርዝሩን በቀበሌ ሶርት አደረግሁት፤ ፎርሙላው እንደ አዲሱ ቅደም ተከተል ሲቆጥር ሰአመ2 የነበረው ሰው ሰአመ1 ሆኖ ተገኘ። የአንዱ መዋጮ በሌላው ስም ገባ። ቁጥሩ እንደወጣ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ፎርሙላውን ትቶ ውጤቱን ብቻ በሚያስቀምጠው «ፔስት ቫልዩስ» መልሳችሁ ለጥፉት። የለቀቀ አባልን ኮድም ለአዲስ ገቢ አትስጡ።

በላቲን የምትጽፉ ደግሞ ዓምዱን አስቀድማችሁ ቴክስት አድርጉት። ማሪቱን አሳጥራችሁ «Mar1» ብትሉ ኤክሴል ማርች 1 ቀን ያደርጋታል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ራሳቸው በዚሁ ምክንያት ተቸግረው በ2020 እ.ኤ.አ. የአንዳንድ የሰው ዘረመሎችን ስም ለውጠዋል።

እስከ አያት ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲመጡስ? መንደርተኛው «ቀዩ ሰይድ»፣ «የላዩ ሰይድ» እያለ ይለያቸዋል። እኔም ለአንዱ «ቀ» ጨመርኩለት። ደረሰኙን አንብቦ «ሌላው ጥቁር ነው ማለትህ ነው?» አለኝ። አሁን የቀበሌ ቁጥር ነው የምጨምረው።